በአባቴ በኩል ስቆጠር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የግጥም ምሽቱ አዘጋጆች ዓመት በመጣ ቁጥር «ይሄ የቤትሽ ጉዳይ ነው» እያሉ ሲመልሱብኝ የኖሩትን ግጥም ዛሬ እዚሁ ማርቆስ ከተማ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አነበብኩት።

በእናቴ በኩል ሰባት ቤት ቆጠርኩ። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ ተከተለኝ። በአባቴ በኩል ያለኝ አንድ ስም ነው፤ ማቲው፣ ፊዚክስ ሊያስተምር ከህንድ መጥቶ እኔ ሳልወለድ የተመለሰው። ስሙን ጠራሁና ሆን ብዬ ዝም አልኩ።

ፊት ለፊት የተቀመጡ፣ ከቁይ ከተማ የመጡ አንድ ሽማግሌ የረሳሁ መሰላቸው። «አይዞሽ ልጄ፣ ከጠፋብሽ የኔን አባቶች ቁጠሪ» አሉኝ ጮክ ብለው። ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን እንባዬ መጣ። ልጅ ሳለሁ «አንቺ ክልስ፣ በአባትሽስ?» እየተባልኩ አንገቴን የደፋሁት እንደሳቸው ባሉ ሽማግሌዎች ፊት ነበር።

«አልረሳሁም አባባ፤ በዚህ በኩል የምቆጥረው ወደ ታች ነው» አልኳቸው። የራሴን ስም፣ ቀጥዬ የልጄን ስም ጠርቼ ግጥሙን ጨረስኩ።

ስንወጣ ሽማግሌው ልጄን በር ላይ አስቆሟት። «እስቲ አንቺ ቁጠሪ።»

«ማቲው፣ እናቴ፣ እኔ» አለች ቀና ብላ።

«ጎሽ» አሏት። «አራት ቀራችሁ።»