ከቶክሱ ጋር በሶቾን መንደር

ጥቅምት 4
ዛሬም ከቶክሱ ጋር ወጣን። ከልብ ቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሐኪሙ፦ "በየቀኑ በእግር፣ ግን ቀስ ብለው። ንዴት እንዳይነካዎት" ብሎታል። ንዴት? ለቶክሱ? ባሌን አያውቀውማ!
ሴኡል ሁሉ ፎቅ ሆኗል፤ የኛ ሶቾን ግን ያው የሸክላ ጣሪያ፣ ያው ጠባብ መንገድ። ጎን ለጎን አያስኬድም። እሱ ከዘራውን እያንኳኳ ከፊት፣ እኔ ትከሻውን እያየሁ ከኋላ።

ጥቅምት 7
ወደ ገበያው መውረድ ሲገባን ሽቅብ ታጠፈ። ወደ ታናሽ ወንድሙ ወደ ማንሺክ ቤት!
"በዚህ ምን አለ?" አልኩት።
"መንገድ አለ። መንገዱ የሱ ነው እንዴ?"
ሁለቱ እንደተኳረፉ ናቸው። እናታቸው ስታርፍ ቶክሱ ሳዑዲ ግንባታ ላይ ነበር። ማንሺክ ሳይነግረው ቀበራት። "ሥራህን ትተህ እንዳትመጣ ብዬ ነው" አለ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰፈር እየኖሩ ቃል አልተለዋወጡም።
በሩን አልፈን ሄድን። ቀና ብሎም አላየ። ግን... አካሄዱን ዝግ አላደረገም?

ጥቅምት 8
ደግሞ በዚያው። እጁ ደረቱ ላይ ነበር። አመመው ይሆን?

ጥቅምት 11
የማንሺክን ሚስት ኩምሱንን ገበያ አገኘኋት።
"እባክሽ፣ ከምሳ በኋላ በደጃችሁ ስናልፍ ባልሽን አታስወጪው። ከተጣሉ የኔው አይተርፍም።"
"መች ይወጣል? ከዘራውን ሲሰማ በሩ ሥር ሄዶ ይቆማል። ድምፁ እስኪርቅ ንቅንቅ አይልም" አለችኝ።
የምገዛውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ጥቅምት 13
ማንሺክ በሩ ሥር እንደሚቆም ለቶክሱ ልንገረው? ብነግረው... ባልነግረውስ?

ጥቅምት 15
ከማንሺክ በር ስንደርስ ቶክሱ ቆመ። በሩን በከዘራው ደበደበው።
"ውጣ!"
"ተው፣ ልብህን!" ክንዱን ያዝኩት። መነጨቀኝ።
በሩ ወዲያው ተከፈተ። ማንሺክ... ፀጉሩ ነጭ ሆኗል።
"ልብህን ቀደዱህ አሉ። ማንም ሳይነግረኝ" አለ።
"ሳይነግሩህ! እንዴት ነው ሲቀምሱት?"
የቶክሱ ፊት ደም መሰለ። መድኃኒቱን ከቦርሳዬ ፈልጌ አጣሁት።
ማንሺክ አንገቱን ደፋ። "ይመራል፣ ጋሼ።"
ጋሼ! ስንት ዘመኑ...
"ስመላለስ እየሰማህ አንድ ቀን አትወጣም?"
"ታባርረኛለህ ብዬ ነዋ።"
"ከገዛ በርህ?"
ቶክሱ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። ከዘራውን አጋደመና፦
"እናታችን ስትሞት ምን አለች?"
"'ቶክሱ በልቷል ወይ?' አለች። ደጋግማ። በልቷል፣ በልቷል እላታለሁ... ደግሞ ትጠይቀኛለች።"
ባሌ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

ጥቅምት 22
ለእግር ጉዞው ማንሺክ መጥቶ ወሰደው። እኔን ትተውኝ ሄዱ።
"ቀስ በል አንተ! የታመምኩት እኔ፣ የምታለከልከው አንተ!" ሲለው እስከ መታጠፊያው ይሰማኛል። እየተጨቃጨቁ ነው።
ልከተላቸው? ጫማዬን አንስቼ... መልሼ አስቀመጥኩት።
ቁጭ ብዬ እግሬን ዘረጋሁ። ለካ እግሬም ደክሞት ኖሯል።