ባሕር የተሻገረ ጥለት፤ የሸማኔው የአቶ ቀለመ ወርቅ አንዳርጌ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቀለመ ወርቅ አንዳርጌ ከአባታቸው ከአቶ አንዳርጌ ታፈረና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺ አለሙ በ1897 ዓ.ም. በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ማዶ ተወለዱ። ዳዊት ከደገሙ በኋላ ከአባታቸው ጎን ሽመና ተማሩ። ከዚያ ወዲያ በስማቸው የጠራቸው ጥቂት ነው። ገበያ ሲወጡ ‹‹ልጆቹን ከልሏቸው፣ የሸማኔ ዓይን ይበላል›› ይባል ነበር። ወገኖቼ፣ ያልነው እኛው ነን፤ እያፈርን እንስማው።

በ1917 ዓ.ም. ከነጋዴው ከሐጂ ጀላል ጋር ቀይ ክር ፍለጋ ምጽዋ ወረዱ። ምጽዋ ባሕር የከበባት ደሴት ናት። የኩታችን ቀይ ጥለት ክሩ ከሕንድ መጥቶ የሚራገፈው እዚያ ነው፤ መርከቡም ሲመለስ የጋይንትን ጋቢ ጭኖ የመን ይሻገራል። ክር ሻጩ ዐረብ፣ አቶ ቀለመ ወርቅ የያዙትን ጋቢ ዳስሶ ‹‹የማን እጅ ነው?›› አለ። ሐጂ ጀላል ‹‹የዚሁ የቆመው ልጅ›› ቢሉት ተነሥቶ መቀመጫውን ለቀቀላቸው፤ ከአንድ ሳህንም ተምር በሉ። በተወለዱበት አገር ጎረቤት ከመሶቡ አቅርቧቸው አያውቅም።

በ1921 ዓ.ም. ከእስቴ የሸማኔ ልጅ ወይዘሮ ውብነሽን አገቡ፤ ሌላው ልጁን አይሰጣቸውምና። እሷ እየፈተለች እሳቸው እየሸመኑ ሦስት ልጆች አሳደጉ።

በጠላት ዘመን ክር ሲጠፋ ቀይ የሕንድ ጨርቅ ገዝተው፣ ያንን ተርትረው ጥለት አወጡበት። ካህናቱም ለጥምቀት ኩታ አላጡም። የመንደራችን ጽዋ ማኅበር ግን ኩታውን ለብሶ ‹‹ከሸማኔ ቤት ጠላ አንቀምስም›› አላቸው። ለመደገስ ተራ በጠየቁ ቁጥር ‹‹ለከርሞ›› ተባሉ፤ ከርሞው ሳይደርስ አለፉ። እሳቸውስ ‹‹የስንቱን አገር እጅ የነካ ክር ትለብሳላችሁ፣ የኔን ጠላ ትፈራላችሁ›› ብለው ይስቁ ነበር። ለእኛ ግን ሳቅ አይመጣልንም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታመሙ ቆይተው ጥቅምት 12 ቀን 1963 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ቦጋለችን፣ ዓለምጸሐይንና አዲስዓለምን፣ የልጅ ልጆችንም ትተዋል።

ወገኖቼ፣ ይኸው ለሐዘን ጥለቱን ወደ አንገታችሁ አዙራችሁ ቆማችኋል። ተዝካራቸው በአርባኛው ቀን እቤታቸው ይወጣል፤ ጠላውን የምትጠምቀው ውብነሽ ናት። ኑ። ያንን ጠላ የሚጸየፍ ካለ ኩታውን አውልቆ ደጃፋቸው ላይ ይተው፤ ከጋይንት ብርድ ጋር ይነጋገር።

ሰው ሰውን በማይጸየፍበት በአብርሃም ማዕድ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያስቀምጥልን። አሜን።