ለትሎትሎ የተሻለ ቤት ስላገኛችሁላት

ለወረዳችን የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክቡር አቶ ሞአትሎዲ
ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ
ዲትሎንግ መንደር፣ ደቡብ አፍሪካ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና ከብቶችዎ፣ አዲሱ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም ሳይቀር፣ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ በዲትሎንግ ያለነው፣ ከእኔ ጉልበት በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። በአደራ የተሰጠችኝን ሕፃን ይዤ ከተመዘገበው ቤቴ ለምን እንደወጣሁ በጽሑፍ እንዳስረዳ አዘውኛል። ትእዛዝዎን አክብሬ እነሆ አስረዳለሁ። ደብዳቤውን ግልጽ ማድረጌ ቅር እንዳያሰኝዎ፤ የሰውን የጓዳ ጉዳይ በአደባባይ መናገር የሠለጠነ ሥራ መሆኑን ያስተማረን የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው።

ስሜ ኦቡሲትሴ ሰሌኬ ይባላል። ዕድሜዬን በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ዊንች፣ የገመድ መጎተቻውን መኪና፣ ስስብ ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ፣ የትሎትሎም ማሎሜ ነኝ፤ የእናቷ ወንድም ማለት ነው። እርስዎም የአገሩ ሰው ነዎትና እንደሚያውቁት ማሎሜ ትልቅ ሰው ነው። ልጅቱ ስትዳር የሚታረደው በሬ ጭንቅላት የእሱ ድርሻ ነው። ጭንቅላቱ እስኪመጣ ድረስ ግን ከመጠበቅ ሌላ ብዙ ሥራ የለውም። ሥራው ሁሉ ያለው ራክጋዲ ዘንድ፣ የአባት እኅት ዘንድ ነው። የትሎትሎ ራክጋዲ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ማሴጎ ናት።

ማሴጎ የተወለደች ዕለት ወንድ ተወለደ ተብሎ ፍየል ታርዷል፤ ከበሉት አንዱ እኔ ነኝ። አድጋ ሴት መሆኗን በገዛ አፏ ስትነግረን ጥቂት አኮረፍን፣ ብዙ አማናት፣ በኋላም ደከመን። ነገሩ የተቆረጠው ግን ወንድሟ፣ የትሎትሎ አባት፣ በሞተ በዓመቱ ነው። እኅቴ ቦንትሌ የሐዘን ጥቁሯን የምታወልቅበት ቀን ደረሰ። በባህላችን ጥቁሩን አውልቃላት ገላዋን የምታጥባት የባሏ እኅት ናት፤ ወንድ ወደዚያ ክፍል ዝር አይልም። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ወንበር ስበው መከራከር ጀመሩ። ክርክሩ ሲረዝም የቤቱ ትልቅ ሴት፣ እማማ ድኬሌዲ፣ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ውሃው እየቀዘቀዘ ነው» አሉ። «ማን ይጠባት? አንተ ነህ የምታጥባት ባለጢሙ? ወይስ አንተ ኦቡሲትሴ፣ አፍህን ከፍተህ የምታየኝ?»

ሁላችንም መሬት መሬት አየን። «ማሴጎ፣ ነይ ግቢ ልጄ» አሉ፤ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማሴጎ ስብሰባ ተቀምጠን አናውቅም። ቦንትሌም ባሏን ተከትላ ስትሞት ሕፃኗን ማን ይውሰድ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ማሴጎ እጇን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደቻት፣ አለቀ። እንግዲህ እንዲህ ባለ ኋላ ቀርነት ስንኖር ነው መሥሪያ ቤትዎ የደረሰልን። ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፤ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። ማሴጎ የአሳዳጊነት ወረቀት እንዲሰጣት ባመለከተች ጊዜ የላካችሁልን ባለሙያ፣ ወይዘሪት ኬፊልዌ፣ ሰውን በማንነቱ ስለ መቀበል የሚያስተምር ጉባኤ ላይ ሰንብታ መምጣቷን ከደረቷ ዓርማ ተረድተናል። ትምህርቱን እኔም በኋላ ፈልጌ አስነብቤዋለሁ። ሰው ማን እንደሆነ ሲነግርህ እመነው ይላል። ለእሱ የሚበጀውን አንተ አትወስንለት፣ ምን እንደሚያስፈልገው ራሱን ጠይቀው ይላል። ገመናውን ጠብቅ ይላል። ክቡር ሆይ፣ እጅግ ያማረ ትምህርት ነው፤ እማማ ድኬሌዲ በአንድ ባልዲ ውሃ ከነገሩን ብዙም አይለይም። ቢሠራበት ደግሞ ምንኛ ባማረ።

ወይዘሪት ኬፊልዌ ከአጥሩ ውጭ ቆማ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ማንነትዎን በድፍረት ስለሚኖሩ አከብርዎታለሁ» አለቻት።

«እግዜር ያክብርሽ ልጄ» አለች ማሴጎ፣ ልብስ እያሰጣች። «ቦርሳሽን ከመሬት አንሺው፤ ዶሮዎቹ ጨዋ አይደሉም።»

ከዚያ ጥያቄ ሆነ። መቼ እንዳወቀች፣ ሐኪም ዘንድ ሄዳ እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደምትተኛ፣ ከልብሷ በታች ምን እንዳለ ጭምር። ማሴጎ የጠየቀችው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትሎትሎ እናቷ ከሞተች ወዲህ በእንቅልፏ እየባነነች ታለቅሳለችና ሐዘን የሚያውቅ፣ ሕፃን የሚያነጋግር ሰው እንድትልኩላት። እሱ አልተላከም፤ ምናልባት ለሐዘን የሚሆን ዓርማ ገና አልተሠራም ይሆናል። በመጨረሻ ሕፃኗ ተጠራች።

«ትሎትሎ፣ ራክጋዲሽ ግራ ታጋባሻለች?»

«አዎ» አለች ትሎትሎ።

ወይዘሪት ኬፊልዌ ብዕሯን አዘጋጀች። «አይዞሽ፣ ንገሪኝ። ምኗ ነው ግራ የሚያጋባሽ?»

«ክፍልፋይ ስታስረዳኝ።»

፪ኛ፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ንግግር አመሰግናለሁ። ማሴጎ እስከዚያ ቀን በዚያ ትምህርት ቤት የምትታወቀው የደንብ ልብስ ስለምትሰፋ ነበር። ባለሙያችሁ ግን፣ ማሴጎን ሳታማክር፣ ለርእሰ መምህሩ ሁሉን ነገር ከሥሩ ዘርዝራ ነገረችው፤ ትምህርት ቤቱ «ደጋፊ እንዲሆን» ነው አሉ። ርእሰ መምህሩም ደጋፊ ሆነ። በጧት ሰልፍ ላይ ትሎትሎን ከፊት አቁሞ ስለ መቻቻል ንግግር አደረገ፣ አስጨበጨበላትም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ጭብጨባው ሳይበርድ ልጆቹ «የራክጋዲሽ ጢም ስንት ቀኑ ነው?» ማለት ጀመሩ፤ አንዱ ደጋግሞ ሲላት በምግብ ዕቃዋ አፍንጫውን አለችው። ልጁን የቀጠቀጠችው እሷ ናት፤ አልክድም። ደግ አደረገች ማለቴም አይደለም፤ ጥሩ አድርጋ መታችው ማለቴ ነው።

፫ኛ፤ ስለ ዘገባው አመሰግናለሁ። ዘገባው ሕፃኗ «ከአሳዳጊዋ ማንነት የተነሣ በትምህርት ቤት ለመገለል ተጋልጣለች» ይላል። እውነት ነው፣ ተጋልጣለች። ማን እንዳጋለጣት ግን ዘገባው በትሕትና ዘሎታል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲሉ እሰማ ነበር፤ በመንግሥት ማኅተም ተመትቶ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው። በዚህም ምክንያት ትሎትሎ «የወንድ አርአያ ወዳለበት የተሻለ ቤት» ለጊዜው እንድትዛወር ተወሰነ። ያ የወንድ አርአያ እኔ ነኝ።

፬ኛ፤ ለዚህ ክብር በምን ቃል ላመስግንዎ? ባለሙያችሁ ቤቴን አይታ ወንድ መኖሩን አረጋግጣ ሄደች። ወንዱ ምን እንደሚችል አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ገንፎ ሳላሳርር አገንፍቼ እንደማላውቅ እነግራት ነበር። ትሎትሎን በመንግሥት መኪና አምጥታችሁ፣ ልብሷን በፌስታል አስይዛችሁ፣ ደጄ ላይ አወረዳችኋት። የገዛ ልጆቼ ካደጉ ወዲህ ሕፃን ቤቴ አድሮ አያውቅም። ገንፎዬን ቀመሰችው፤ አስተዳደጓ ጥሩ ነውና ምንም አላለችም። ፀጉሯን ልሠራላት ሞከርሁ። እኔ የማውቀው የዊንች ገመድ ነው፤ ያንኑ አደረግሁላት። በማግሥቱ ትሎትሎ ፀጉሯን በመሐረብ ተሸፍና ከትምህርት ቤት ተመለሰች፤ መምህሯ ልጆቹ እንዳይስቁባት ያሰረችላት መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ የሚበላውን ትበላለች፣ ሲጠሯት አቤት ትላለች፣ ሌላ ቃል የለም። ስትተኛ ደግሞ የትምህርት ቤት ጫማዋን አታወልቅም። ብርድ ልብሱን ስገልጥ ክሩ ድርብ ሆኖ ታስሯል።

«ትሎትሎ፣ ጫማ እኮ እግር ያሳብጣል» አልኋት።

«መኪናው ቢመጣ ብዬ ነው ማሎሜ።»

«የትኛው መኪና?»

«ያመጣኝ። ሊመልሰኝ ቢመጣ እንዳይጠብቀኝ።»

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል። ጉድጓድ ውስጥ ጣሪያ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ጓደኞቼን ከሥር አውጥቻለሁ። እንደዚያች ጫማ ያስለቀሰኝ ነገር የለም። አባቷን ቀብራ፣ እናቷን ቀብራ፣ የተረፈቻትን አንዲት ሰው በሕይወት ሳለች ነጠቃችኋት፤ ልጅቱም በትዕግሥት መኪናችሁን ጠበቀች። መኪናችሁ ግን ሥራ ይበዛበታል፣ አልመጣም። ስለዚህ እኔ ሄድሁ።

ደብዳቤዎ የጠየቀውም ይኼው ነው። ፍራሼን፣ ወንበሬንና ሬዲዮዬን በአህያ ጋሪ ጭኜ፣ ትሎትሎን ከላይ አስቀምጬ፣ ማሴጎ ደጅ ደረስሁ። ማሴጎ በአፏ ስፒል እንደያዘች ወጣች፤ ልጅቱን ስታይ ስፒሎቹን አንድ በአንድ አወጣችና ደረቷ ላይ ሰካቻቸው፤ ጊዜ ለመግዛት ነው፣ እንዳታለቅስ።

«ምነው ማሎሜ፣ በሰላም ነው?»

«የመንግሥት ትእዛዝ ነው» አልኋት። «ሕፃኗ ከእኔ ጋር ትኑር ይላል። እኔ ደግሞ ካንቺ የኋላ ክፍል ልኖር ነው።»

«ጣሪያው ያፈሳል እኮ።»

«ባልዲ አለሽ።»

«እርስዎ ደግሞ ያንኮራፋሉ።»

«ትእዛዙ ስለ ማንኮራፋት ዝም ይላል።»

ትሎትሎ ከጋሪው ወርዳ በሩ ሥር ተቀመጠች፤ የጫማዋን ክር ፈታች፤ ጫማዎቹን ከማሴጎ ጫማ ጎን አድርጋ ገባች። ያን ማታ ፀጉሯ በሥርዓቱ ተሠራ። ክፍልፋይም ተጠና፤ አሁንም ግራ ያጋባል።

እንግዲህ ትእዛዝዎን አልጣስሁም፤ ሕፃኗም ከእኔ ጋር ናት፣ ወንዱም በቤቱ አለ። ጧት ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፣ ከሰዓት ጥላው ሥር ይቀመጣል፤ አርአያ መሆን ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ባውቅ ጉድጓድ ባልገባሁ ነበር።

ማክሰኞ የሕፃናት ችሎት ጉዳዩን አይቶ ይቆርጣል። የእርስዎ መሥሪያ ቤት የሚለውን ይሰማልና፣ አሁን የምለምንዎትን ያለ ቀልድ ይቀበሉኝ። ወረቀቱ በእኔ ስም ከጸና ትሎትሎን የሚያስጠብቃት የእኔ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሐኪሙ ሳንባዬን በራጅ አይቶ ዝም ካለ ሰነበተ፤ የማዕድን አቧራ የዋጠ ሰው ዝምታውን ያውቀዋል። በእኔ ስም ያለው ወረቀት ከእኔ ጋር ይቀበራል፤ የዚያን ለት ያ መኪና ይመጣል፤ ሊመልሳት ሳይሆን ወደማታውቀው ሊወስዳት። የማሴጎን ስም ጻፉላት። ቁስሏን፣ ሰውነቷን፣ ታሪኳን አትጻፉ፤ ስሟንና «ራክጋዲ» የሚለውን ብቻ። ከዚህ ሌላ ልጅቱን የሚመለከት ነገር የለም።

ለወይዘሪት ኬፊልዌም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ከዓርማዋ በፊት ጆሮዋን ብታመጣ ኖሮ ገንፎ ጋብዘናት በሰላም በተለያየን። አሁንም ብትመጣ ማሴጎ ታስተናግዳታለች፤ የሚያነጋግር ሰው ለልጅቱ ይዛ ከመጣች ደግሞ እኔ ወንበሬን እለቅላታለሁ።

ጥበብዎን ያብዛልዎ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ ጉልበትዎንም ከእኔ ይለይልዎ እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

በእርስዎ ፊርማ ብቁ አሳዳጊና የወንድ አርአያ የተባልሁት፣
ኦቡሲትሴ ሰሌኬ
ከማሴጎ ቤት፣ ከኋላው ክፍል፣ ከባልዲው አጠገብ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ልጅዎን ሲድሩ ባለቤትዎ የሚለብሱት፣ ማሴጎ የሰፋችው ቀሚስ አልቋልና ይውሰዱት። ባለቤትዎ ከመጋረጃው ጀርባ ልብሳቸውን አውልቀው ሲለኩ የማሴጎን መታወቂያ አልጠየቁም፤ የሴት እጅ መሆኑን እጃቸው ነግሯቸዋል። ወገቡ ጠቧቸው ሁለት ጊዜ መስፋቱንም ለማንም እንዳትነግር አደራ ብለዋት ነበር፤ ማሴጎ እስካሁን ትንፍሽ አላለችም፣ ሥልጠናውን አልወሰደችማ። መጋረጃው ስስ ሆኖ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ብቁ ነው ብላችሁ የመረጣችሁትም እኔን ነው።