ያለ ድምፅ ዘጠኝ ዓመት ያስተማሩት መምህር

የእኚህ መምህር ተማሪዎች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በክፍላቸው ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ ሲሰሙ ኖረዋል። ድምፁ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ከፋብሪካ የመጣ ይመስላቸው ነበርና «የኮምፒውተሯ እትዬ» የሚል ስም አወጡላት። ርዕሰ መምህሩም፣ ለጉብኝት የመጡ ተቆጣጣሪዎችም የመሰላቸው ይኸው ነው። ድምፁ ግን የመምህሩ ታናሽ እህት ድምፅ ነበር። እህታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረችም። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችውም እሷ ናት። ቤተሰቡ የተማረ ሰው ይጻፈው ብሎ ነበር፤ እሷ ግን አሻፈረኝ አለች። ለዓመታት በሆዷ የያዘችው ነገር አለ፤ ሌላ ሰው ቢጽፈው ያ ነገር ተዘሎ እንደሚታለፍ ታውቃለች።

መምህሩ በ1957 ዓ.ም. ከአባታቸው ከውሃ ፓምፕ ጠባቂውና ከእናታቸው ከሹራብ ሠሪዋ፣ በፓምፑ ግቢ ውስጥ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ቤቷ በሞተሩ ጩኸት ስትንቀጠቀጥ ስለምትውል ቤተሰቡ በሙሉ እየጮኸ ነበር የሚነጋገረው። መምህሩ ያን ጎርናና ድምፅ ያወጡት እዚያ ነው። በኋላ አስተማሪ ሲሆኑ፣ ሌላ ክፍል የተቀመጠ ተማሪ ሳይፈልግ የእሳቸውን ትምህርት ይማራል እየተባለ ይቀለድ ነበር።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን በሰፈራቸው ባለው ትምህርት ቤት ተምረው በ1976 ዓ.ም. የመምህራን ማሠልጠኛ ገቡ። በዚያው ዓመት እናታቸው ታመው አልጋ ያዙ። ቤት የሚውል ሰው ሲፈለግ አባትየው ብዙ አላሰቡም፤ አራተኛ ክፍል የነበረችው ልጃቸው ደብተሯን አስቀመጠች። መምህሩ ለእረፍት ሲመጡ ያስጠኗት ነበር፤ ሲመለሱ ይቋረጣል፤ ሲመጡ ደግሞ እንደገና ከሀ ይጀመራል። እንዲህ እየተንገዳገደች ማንበብ ቻለች። ረጅም ቃል ሲያጋጥማት ግን እንቅፋት እንደመታው ሰው ትሰናከል ነበር።

መምህሩ በ1978 ዓ.ም. ተመርቀው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ባገለገሉበት ትምህርት ቤት የሳይንስና የሒሳብ መምህር ሆኑ። በ1984 ዓ.ም. የዚያው ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

በ2003 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች መጡ። ሌሎቹ መምህራን ፈተና ይተይቡባቸው፣ ሲደክማቸውም ካርታ ይጫወቱባቸው ነበር። መምህሩ ግን ልጆቹን ባቄላ በቆርቆሮ አስተከሉ። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ባቄላ በየጧቱ በማስመሪያ እየለካ ቁጥሩን ኤክሴል ላይ ያስገባል፤ ግራፉ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሲወጣ የማን ባቄላ ማንን እንደቀደመ ይታያል። የአንዱ ቡድን ባቄላ በሰበሰና ልጆቹ ቁጥር አናስገባም ብለው አኮረፉ። መምህሩ ዜሮውን ራሳቸው እንዲጽፉ አደረጓቸው፤ ያልበቀለም ነገር ይለካል አሏቸው። ከዚያ ቀጥሎ እነዚያው ልጆች ለምን እንደበሰበሰ በወርድ ጽፈው ለክፍሉ አነበቡ፤ ውሃ አብዝተው ኖሯል። የውሃን ዑደት፣ የደምን ዝውውር፣ ክፍልፋይን በፓወር ፖይንት ሥዕል አድርገው ያሳዩ ነበር። ሥዕሉ ግን ያለ እሳቸው ጎርናና ድምፅ ባዶ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ድምፃቸው ሻከረ። ጉንፋን ነው ተብሎ ተናቀ። በኋላ ጉሮሯቸው ላይ ዕጢ ተገኘና በቀዶ ሕክምና ከነድምፃቸው ወጣ። አንገታቸው ላይ በቀረችው ቀዳዳ እየተነፈሱ፣ በሻርፕ ሸፍነዋት ወደ ቤት ተመለሱ። ርዕሰ መምህሩ ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ድምፅ የሌለው መምህር ክፍል ሊገባ እንደማይችል፣ በዕቃ ግምጃ ቤቱ በኩል ግን ቦታ እንደሚፈልጉላቸው በትሕትና ነገሯቸው። መምህሩ ኮምፒውተራቸውን አዙረው «ኮምፒውተሩ ይናገርልኛል» ብለው ጻፉ። ርዕሰ መምህሩም በዚህ ዘመን የማይሠራ ነገር የለም ብለው ተስማሙ። ታዲያ አንድ ነገር አስጠነቀቁ፦ ክፍል ውስጥ የሚሰማው የመምህር ወይም የመሣሪያ ድምፅ ብቻ ይሁን፤ ከመንገድ የተገኘ ሰው ልጆች እንዲያስተምር ደንቡ አይፈቅድም።

መሣሪያ ግን አልነበረም። ባለቤታቸው እንዳያነቡ ተማሪው ሁሉ ድምፃቸውን ያውቀዋል፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ «ዝም በሉ» ሲሉ የኖሩ ናቸው። የቀረችው እህታቸው ነበረች።

ቅጂው የሚደረገው በወንድሟ ግቢ ውስጥ ባለችው የስፌት ክፍሏ ነው። የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። የደንበኞችን ካፖርት በበሩና በመስኮቱ ላይ ትሰቅላለች፤ አለዚያ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይላጋል። መምህሩ በየሥዕሉ የሚነበበውን በትልልቅ ፊደል ይጽፋሉ፣ እሷ ታነባለች። ስትሳሳት ግንባራቸውን ያኮሳትራሉ፤ ስትቸኩል መዳፋቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ትነት» የምትለውን አሳምራ እስክትላት ብዙ ተኮሳትረዋል። አንድ ቀን በቅጂው መካከል ደንበኛ በሩን ደብድቦ «ሱሪዬ ደርሷል?» አለ፤ እሷም ሳታስበው «ነገ» አለችው። መምህሩ ሳያስተውሉት ቀርተው ነገሩ እንዳለ ክፍል ውስጥ ተሰማ። ዓመቱን ሙሉ ልጆቹ የቤት ሥራ ሲጠየቁ «ነገ» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። የኮምፒውተሯ እትዬ ሱሪም ትሰፋለች ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ሲጠይቋቸው መምህሩ ትከሻቸውን ነቅንቀው አለፉ።

እህታቸው ያቋረጠችውን ትምህርት በዚህ መንገድ ጨረሰችው ማለት ይቻላል። አምስተኛ ክፍልን አነበበች፣ ስድስተኛን አነበበች፣ እስከ ስምንተኛ ዘለቀች። ጨርቅ እየቆረጠች ስለ ሳንባ ታስብ ነበር። ይህን ያደረጉላት ወንድሟ ናቸው፤ አትክደውም።

በ2013 ዓ.ም. የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ትምህርቶቹ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ተባዝተው እንዲሰጡ ወሰነ። መምህሩ በአዳራሽ ተሸለሙ። እህታቸውም ከኋላ ቆማ አጨበጨበች። ትምህርቱ ግድግዳው ላይ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣው ሥዕል የአዘጋጁን ስም ይዟል፤ ከሥሩ «ድምፅ፦ ኮምፒውተር» ይላል። ይህን የጻፉት ራሳቸው ነበሩ።

ቤት ሲመለሱ «ጋሼ፣ እኔ ኮምፒውተር ነኝ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ወርድ ከፈቱና ለተማሪ እንደሚጽፉት በትልልቁ ጻፉ፦ «ካወቁ ክፍሌን ይወስዱብኛል።»

«የእኔንስ ክፍል ማን ወሰደው?» አለቻቸው።

መምህሩ ኮምፒውተሩን ዘጉ።

ከዚያ በኋላ እህታቸው ማንበብ አቆመች። ካፖርቶቹን ለባለቤቶቻቸው መለሰች፤ በሩን ከፍታ መኪናዋን ታንኳኳ ጀመር። መምህሩ አልለመኗትም፤ እሷም እስኪለምኗት ትጠብቅ ነበር። ሁለቱም የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አንድ ቀን የባለቤታቸውን ቀሚስ ልታደርስ ትምህርት ቤት ሄዳ በክፍላቸው መስኮት በኩል አለፈች። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ቆሟል፤ ተማሪዎቹ በየተራ እየተነሡ ያነባሉ፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይጮኻል፤ ከኋላ የተቀመጡት ጨዋታ ይዘዋል። መምህሩ ዝም ለማሰኘት ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ይመቱ ነበር። በዚያ መካከል ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየቻቸው፤ በቀድሞው ድምፃቸው የሚናገሩ ይመስል ነበር። የሰማቸው የለም።

በማግሥቱ በበሩና በመስኮቱ ላይ የሌሎች ደንበኞችን ካፖርት ሰቀለች። ስሟ እንዲጻፍ ድጋሚ አልጠየቀችም። ቂሟን ግን አልተወችውም፤ ቂሙንም እዝነቱንም አብራ ይዛ ነው ያነበበችው። እሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ከቤተሰቡ ውጪ ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላለችም።

በዚህ ዓመት መግቢያ ሕመሙ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ሳንባቸው ላይ ነበር። ሆስፒታል ተኝተውም ትምህርት ማዘጋጀት አልተዉም፤ ኮምፒውተሩን ሆዳቸው ላይ አድርገው ይጽፉ ነበር። በምትካቸው የተመደበው ወጣት መምህር በየዓርቡ እቤት እየመጣ የሳምንቱን ትምህርት በፍላሽ ይወስዳል። ራሱ ሊያስተምር ሞክሮ ነበር፤ ተማሪዎቹ ግን እትዬን አምጣልን አሉት።

በመጨረሻዎቹ ቀናት መተየብ ሲያቅታቸው እስክሪብቶ ተሰጣቸው። እህታቸው ባለችበት አንድ ነገር ጻፉ፤ እጃቸው እየተንሸራተተ ማንም ሊያነበው አልቻለም። ባለቤታቸው ይቅርታ ነው አሉ። ሴት ልጃቸው ውሃ ፈልገው ነው አለች። እህታቸው ግን የማይነበብ ነገር አላነብም አለች። እጃቸውን ይዛ ተቀመጠች እንጂ።

መምህሩ በሐኪሞችና በቤተሰብ ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ረቡዕ ጧት በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ያስተማሯቸው ልጆች ዛሬ ይህን ግቢ ሞልተውታል፤ ፈጣሪ ለእነሱም ዋጋቸውን ይክፈላቸው። መምህሩን ፈጣሪ የተወሰደባቸውን ድምፅ መልሶ ሰጥቶ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውም የፈለገችውን ያህል ጮክ ብላ ትናገር።

ትናንት ዓርብ ወጣቱ መምህር እንደ ወትሮው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ለቅሶ ቤት መጥቶ ፍላሽ መጠየቅ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። እህታቸው ጠብቅ አለችው። ከስፌት ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ወንድሟ ለሰኞ ያዘጋጁትን ትምህርት ከፈተች። «ድምፅ፦ ኮምፒውተር» የሚለውን አጥፍታ የራሷን ስም ጻፈች። ከዚያ መቅጃውን ተጭና እንዲህ አለች፦ «ይህን ትምህርት ያዘጋጁት መምህራችሁ ወንድሜ ናቸው። የማነብላችሁ እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። አሁን ስለ ሙቀት እንማራለን።»

ርዕሰ መምህሩ ዛሬ ከቀባሪው መካከል አሉ፤ ሰኞ ከልጆቹ ከሚሰሙት አስቀድመው ይወቁት ብላ ነው እዚህ የጻፈችው። ፍላሹ በወጣቱ መምህር ኪስ ነው ያለው። ንግግሯን ያስገባችውም መጀመሪያው ሥዕል ላይ ነው፤ መጨረሻው ላይ ቢሆን ደወል ይደወልና ልጆቹ ሳይሰሟት ሮጠው ይወጣሉ።