ቡሬና ጉራች አልታረቁልኝም

ልጄ ጥሩዬ፣

ንዳድ ከእጄ ከነጠቀሽ ይኸው ሦስት ወር ሆነ። የሰማንያ ቀን ተዝካርሽን ባለፈው ሳምንት አወጣን። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽና፣ ብዘገይም ራሴ እጽፍልሻለሁ።

ክረምት የተኛበት ውሃ ከሜዳው ሸሽቷል። አባትሽ የዘራው ሽምብራ ለእሸት ደርሷል፤ እስካሁን ግን አልቀመስኩትም። የምጽፍልሽ ቸግሮኝ ነው። ቡሬና ጉራች ሊገዳደሉብኝ ነው።

ጎንደር ከምትማሪበት ትምህርት ቤት፣ መድኃኒት ሊሞከርባቸው ከታጎሩት እንስሳት መካከል ለምነሽ፣ በጭነት መኪና ወረታ ድረስ በነጠላሽ አቅፈሽ ስታመጫቸው ስቄብሽ ነበር። ጭራ የሌላቸው፣ ከአይጥ የሚበልጡ፣ ከጥንቸል የሚያንሱ፣ ሁለቱም ወንድ። መንደሩ የፈረንጅ አይጥ ሲላቸው አንቺ በአባትሽ በሬዎች ስም ጠራሻቸው። ሣሩን ሁለት ቦታ፣ ውሃውን በሁለት ጣባ ስታደርጊላቸው፣ ወንድማማች ከአንድ ገበታ ይበላል እንጂ ብዬ ተቆጣሁሽ። አንቺም፣ እምየ፣ እነዚህ የሚፋቀሩት ካልተሻሙ ነው ብለሽኝ ነበር። ረሳሁት።

ጥፋቱ የኔ ነው። ለአርባሽ ሰው ቤቱን ሲሞላው፣ እንዳይረገጡ ብዬ ሰፊውን አጥራቸውን አፍርሼ ሁለቱንም በአንዲት ጠባብ ቅርጫት ከደንኳቸው። ሰው ሲበተን ስከፍተው ፀጉራቸው ቆሟል፤ ጥርሳቸውን ያንቀጫቅጫሉ፤ የጉራች ጆሮ ተቀዷል።

ለየኋቸው። ተለያይተው ሲያፏጩ መስማት ግን አልቻልኩም። ቁስሉ ሲደርቅ፣ ሰው ሲታረቅ እንደሚደረገው አንድ ጣባ መሐል አስቀምጬ፣ ጎመን ቀንጥቤ፣ አፍ ለአፍ አድርጌ አቀረብኳቸው። አብረው ከበሉ ቂሙ የሚሽር መስሎኝ። ቡሬ ዘልሎ ያንኑ ጆሮ ያዘው። ላላቅቅ ብል እኔንም ነከሰኝ። ጎረቤታችን እታገኝ በር ላይ ቆማ አይታኝ፣ «አንቺ ሴት፣ አሁን ደግሞ የአይጥ ሽማግሌ ሆንሽ?» አለችኝ። ልታስቀኝ ብላ ነው። እኔ ግን መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ቀብርሽ ቀን አለቀስኩ። አንቺን አላተረፍኩ፤ አንቺ ያተረፍሻቸውን እንኳ ማቆየት አቃተኝ።

ሸክላ ሠሪዋ ዘውዲቱ ይህን ሰምታ፣ እሳት ላይ የተሰነጠቁባትን ሁለት ገንቦዎች ግርጌያቸውን ሰብራ ይዛልኝ መጣች። «መግቢያና መውጫ ይኑራቸው። የሚናከሰው መሸሻ ያጣ ነው» አለችኝ። ሁለቱም ረግጠውት የማያውቁትን የጓሮ ጥግ አጥሬ፣ ገንቦዎቹን አራርቄ አጋደምኩ። ሣሩን ሁለት ቦታ፣ ውሃውን ሁለት ቦታ አደረግሁ። አንቺ ስትሠሪ የነበረው ይኸው ነው። ምነው ያኔ በሰማሁሽ።

ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። አልተነካከሱም፤ ግን አልታረቁም። ጉራች ከገንቦው አይወጣም። ሣሩን ስገፋለት አሽትቶ ይተወዋል፤ አጥንቱ በእጄ ይቆጠራል። ቡሬ ጠዋት ጠዋት ከጉራች ገንቦ አፍ ቆሞ ያሸተዋል። ሊጠይቀው ይሁን ሊጨርሰው አላውቅም፤ መጥረጊያ ይዤ ከአጠገባቸው አልርቅም። አባትሽ አንዱን ለሰው ስጪ ይለኛል። ከአንቺ የቀረኝን ከፍዬ ለማን ልስጥ? ማንን ልጠይቅ? የእነዚህን ነገር የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ አንቺ ደግሞ ቁሐር ሚካኤል አፈር ለብሰሻል።

ጥሩዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ቃል እገባልሻለሁ። አንዱ ቢሞት ለቀረው፣ ሁለቱም ቢያልቁብኝ ለማንም ባይሆንም፣ ማለዳ ተነሥቼ ከቦዩ ዳር ሣር ማጨዴን አልተውም። ሰው ለማን ነው ቢለኝ ስምሽን እነግረዋለሁ።

እናትሽ