ብድግ ስላለ ድኗል ስለተባለው ባለቤቴ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ በተለይ ደግሞ ዳሌና ጉልበትዎ ፍጹም ጤና እንዲሆኑልዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ እርስዎ በሚመሩት ቤት ዳሌው የተሰበረ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ሰሞኑን በዓይኔ ስላየሁ ለእርስዎ ቀርቶ ለጠላቴም አልመኘውም። እኔ በበኩሌ ከወገቤ፣ ከትከሻዬና ከንዴቴ በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ጉዳዩ፦ ነገ ጠዋት ወደ ቤቱ እንዲሄድ የተወሰነለትን ባለቤቴን ይመለከታል።

ክቡርነትዎ የሚያውቁት አልጋውን እንጂ ሰውየውን ስላልሆነ አስቀድሜ ላስተዋውቅዎ። ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪ ነበር። ሥራው ዳኞቹ በበሩ ብቅ ሲሉ ቀድሞ ብድግ ማለትና አዳራሹን ሁሉ ብድግ ማሰኘት፣ ምስክሮችንም የተጠየቁትን ብቻ እንዲመልሱ ማስጠንቀቅ ነበር። ዛሬም ድረስ ካባ ቢጤ የለበሰና ፋይል የያዘ ሰው በር ላይ ካየ፣ እግሩ እሱን ሳያማክር ይነሳል። የልጃችን ምረቃ ዕለት ካባ የለበሰ ተማሪ ባለፈ ቁጥር ሲነሳና ሲቀመጥ ውሎ፣ ማታ ጉልበቱን ሳሽለት አምሽቻለሁ።

ይህ ሰው በቅርቡ ከቤታችን ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ሊፍቱ መሥራት ካቆመ ብዙ ዘመን ስለሆነው የሕንፃው ጥበቃ መጥረጊያና ባልዲ ያስቀምጥበታል። ቀዶ ጥገናው ግን በሚገባ ተሳክቷል፤ የሐኪሙ እጅ ይባረክ፤ ይህን ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የምለው። ሽሙጡ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ቅሬታ የሚለው ቃል ለእንደ እርስዎ ያለ ሰው ስለሚከብድ፣ ምስጋና እያልኩ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ግምገማው ቅልጥፍና አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ቤቱ ገብቶ ራሱን መቻል አለመቻሉን እንድታይ የተላከችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ፋይሏን በክንዷ አቅፋ በሩ ላይ ብቅ ስትል ባለቤቴ ከአልጋው ተፈናጥሮ ቆመ። መቆሙ ሳያንስ፣ እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ለተሰቀለው የጎረቤት አልጋ ታካሚ ምነው አይነሱም እንዴ በሚል ዓይን አፈጠጠበት። ምስኪኑ ሰውዬ ቢያንስ አንገቱን ቀና አደረገ። ባለሙያዋም ደስ ብሏት ያለ ሰው እርዳታ ይቆማል ብላ መዘገበች። ተመልሶ ሲቀመጥ የአልጋውን ብረት እንዴት እንደጨመቀና ግንባሩ በላብ እንዴት እንደራሰ አላየችም፤ አንገቷን ደፍታ እየጻፈች ነበር። ልጅቷን እንዳይቆጧት አደራ። ትሁት ልጅ ናት፤ ምሳዋን በፌስታል እንደያዘች ከፎቅ ፎቅ ስትሮጥ አይቻታለሁ፤ ብጠይቅ ለሕንፃው ሁሉ ያለችው ባለሙያ እሷ ብቻ ናት አሉኝ። ይህን የመሰለ ቁጠባ ያሰበ ጭንቅላት ምስጋና ሲያንሰው ነው።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ጥያቄዎቹ ነው። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ምስክሮችን ያሠለጠነ ሰው ስለሆነ፣ የተጠየቀውን መለሰ፤ ያልተጠየቀውን ዋጠ። ቤትዎ ደረጃ አለው ወይ ስትለው አለው አለ። ይወጡታል ወይ ስትለው ሁልጊዜ የምወጣው ነው አለ፤ እውነቱን ነው፣ እስከወደቀበት ቀን ድረስ ሁልጊዜ ይወጣው ነበር። ያምዎታል ወይ ስትለው፣ በዚያች ደቂቃ ጋደም ብሎ ስለነበር፣ ኧረ ደህና ነኝ አለ። የት ወደቁ ብትለው ኖሮ ያንንም ሳይደብቅ ይነግራት ነበር፤ ማን ጠይቆት! እኔ ከጥግ ሆኜ ልናገር አፌን ስከፍት፣ ሳይፈቀድለት ችሎት መሐል የሚናገርን ሰው የሚያይበትን አስተያየት አየኝ። እሱን ችላ ብዬ ልጅቷን እስክጠራት ድረስ ኮሪደሩን አልፋ ደረጃውን ጀምራለች።

፫. በሦስተኛ ደረጃ ስለ ሹመቴ ላመስግን። ቤት ውስጥ የሚረዳዎት ሰው አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ባለቤቴ ደረቱን ነፍቶ ሚስቴ አለች፣ እሷ ብርቱ ናት ብሏል። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር በሰው ፊት ሲያሞግሰኝ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ስለሆነ፣ አልዋሽዎትም፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። የሙገሳውን ዋጋ ያወቅሁት ቤት ውስጥ ጠንካራ አስታማሚ ስላለች መሄድ ይችላል ተብሎ ሲነገረኝ ነው። ክቡርነትዎ፣ ቀኝ እጄን ከትከሻዬ በላይ ማንሳት ካቃተኝ ቆይቷል፤ ፀጉሬን የምታስርልኝ ጎረቤቴ ናት። ባለቤቴ ደግሞ ሁለት እኔን ያህላል፤ ሆዱን ስንጨምር ሁለት ተኩል። ይሁን እንጂ ያለ መመሪያ አልተውኝም፤ በሽተኛ እንዴት እንደሚነሳ የሚያሳይ ባለ ሥዕል ወረቀት ተሰጥቶኛል። ሥዕሉ ላይ አንድ ፈርጣማ ወጣት አንዲት ቀጭን ሴት እየሳቀ ደግፎ ያስነሳል፤ እሷም ትስቃለች። የወጣቱን አድራሻ ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

፬. ስለ መራመጃውም እንዲሁ። ያ ባለ አራት እግር ብረት በኮሪደሩ ልስልስ ወለል ላይ ሁለት ጊዜ ካመላለሰው በኋላ፣ የሆስፒታሉ ንብረት ስለሆነ ከግቢው አይወጣም ተብለናል። ስለዚህ ባለቤቴ መደገፍ የሚችለው የማይወድቅበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ሌላም ነበረኝ፤ ስለ ምግቡ እንኳ ዝም ብል ይሻላል።

ክቡር ዳይሬክተር፣ አሁን ሽሙጡን ለአፍታ ላስቀምጠውና በቀጥታ ልንገርዎት፤ እፈራለሁ። ነገ ጠዋት ታክሲው በራችን ድረስ ያደርሰናል፤ ሹፌሩ ደግ ከሆነም እስከ መጀመሪያው ደረጃ ይደግፍልኛል። ከዚያ ወዲያ ያ የሰበረው ደረጃ፣ እሱና እኔ ብቻ እንቀራለን። እሱ እየመራ ቢሄድ ከኋላ ሆኜ ልይዘው አልችልም፤ እኔ ቀድሜ ብወጣ ልጎትተው አልችልም። መሐል ላይ እግሩ ቢከዳው አብረን ነው የምንወርደው። ባሌን ሁለተኛ ጊዜ ከደረጃ ሥር ለቅሜ ማንሳት አልችልም።

የምለምነው ትንሽ ነው። ያቺው ልጅ ሳትጣደፍ አንዴ ትምጣ፤ ጋዋኗን አውልቃ፣ ፋይሏን ውጭ ትታ ትግባ። በእናንተው ደረጃ ላይ ታውጣው፣ ታውርደው። እኔንም ታየኝ፤ ይህች ሴት ይህን ሰው መያዝ ትችላለች ወይ ብላ ራሷን ትጠይቅ። ከቻለ ነገ አይደለም ዛሬውኑ እልል እያልኩ ይዤው እሄዳለሁ፤ ካልቻለ ግን እስኪችል ድረስ ያለማምዱት፣ ሲወጣም ያንን ብረት ያውሱን። አልጋው ለሌላ ታካሚ ይፈለጋል ተብያለሁ፤ እውነት ነው፣ ኮሪደር ላይ የሚጠብቅ ሰው አይቼ አዝኛለሁ። ባለቤቴ ዳግመኛ ከወደቀ ግን ያንኑ አልጋ ተመልሶ መያዙ የማይቀር ስለሆነ፣ ነገሩ በእናንተም ስሌት ቢሆን አያዋጣም።

ውድ ጊዜዎን፣ ከስብሰባ የተረፈዎትን ማለቴ ነው፣ ስለሰጡኝ እጅግ አድርጌ እያመሰገንኩ፣ ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለቢሮዎ ወንበር ጥንካሬ፣ ለሕንፃዎ ደግሞ አንዲት ተጨማሪ ባለሙያ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከአክብሮቴ ከማይተናነስ የወገብ ሕመም ጋር፣

ሳትጠየቅ የተሾመችው አስታማሚ፣
በመስኮቱ በኩል የተኛው ታካሚ ሚስት

ግልባጭ፦
የቤታችንን ደረጃ እየወጡ ለሚመጡ ጠያቂዎች ሁሉ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ስጨርስ አንሶላውን ላስተካክልለት ጎንበስ ብል፣ ባለቤቴ እጄን ያዘና ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስነሳ ነፍሴ እስክትወጣ ያመኛል፤ ያንን ደረጃ ደግሞ ፈርቼዋለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። እኔም ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገባሁለት። ይሁንና ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ ተመላልሼ የባለቤቴን ጉዳይ ስናገር አንዳችም ነገር ሳይደረግ መቅረቱን ስላየሁ፣ ለእርስዎ መንገር ለሰው እንደ መንገር እንደማይቆጠር አረጋግጫለሁ፤ ስለዚህ ቃሌን አላፈረስኩም።