በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው የሄዱት የወይዘሮ ወርቅውሃ አሻግሬ የሕይወት ታሪክ
(1929–1983 ዓ.ም.)

«ወርቅውሃ እኮ ናት የአስተዳደር ጽሕፈት ቤቱን መስኮት በድንጋይ ያደቀቀችው!»

ይህን ወሬ የእድራችን ጸሐፊ አቶ ፀሐዩ ለአሥራ አምስት ዓመት ሲያወሩት ኖረዋል። በ1968 ዓ.ም. ሲያወሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ «የአድኃሪ ሥራ ነው» ይሉ ነበር። ዘመኑ ዘንበል ሲል ደግሞ ያንኑ ወሬ ደረታቸውን ነፍተው «ጀግና ናት!» እያሉ ያወሩት ጀመር። የተሰበረው መስታወትም እያደር ተራባ፤ መጀመሪያ አንድ ነበር፣ በኋላ ሦስት ሆነ፣ ባለፈው የገና ሰሞን ጽሕፈት ቤቱ በሙሉ ረገፈ። ወይዘሮ ወርቅውሃን ግን ከስድቡ ይልቅ ሙገሳው ያንገበግባቸው ነበር። ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች ይነበባል። የሚደነግጥ ጆሮ ያለው ሰው፣ ተነብቦ እስኪያልቅ ከድንኳኑ ወጥቶ ነፋስ ይቀበል።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ከአባታቸው ከአቶ አሻግሬ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርትሁን ተክሌ በ1929 ዓ.ም. በምንጃር ተወለዱ። ቀኑን የሚያውቅ የለም፤ እናታቸው «ጤፍ ሲወቃ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ማስረጃ አልሰጡም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠያቂ ነበሩ። «ይቺን ልጅ ለዳኛ እንጂ ለባል አትስጧት» ይባል እንደነበር እሳቸው ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ያዩትን አንድ ነገር ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም። የአባታቸውን ወንድም የገደለ ሰው ዘመዶች፣ እያንዳንዳቸው በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ከደጃፋቸው መጥተው ተንበረከኩ። አባታቸው ጠመንጃ ይዘው ወጥተው ነበር፤ ድንጋዩን ሲያዩ ጠመንጃውን ከግድግዳ አስደግፈው ቆሙ። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው መምታት በአገሩ ነውር ነዋ! ትንሿ ወርቅውሃ ታዲያ፣

«አባዬ፣ ድንጋዩን መቼ ነው የሚያወርዱት?» ብለው ጠየቁ።

«እነሱ አያወርዱትም፤ የማወርድላቸው እኔ ነኝ» አሏቸው አባታቸው።

በ1944 ዓ.ም. አጎታቸው በባቡር ሐዲድ ሥራ ይተዳደሩ ስለነበር እሳቸውን ተከትለው ወደ አቃቂ መጡ። በ1950 ዓ.ም. በወንዙ ዳር በነበረው የክር ፋብሪካ ተቀጠሩ። ሥራቸው የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር። መኪናው ሳይቆም በሁለት ጣት ቋጥሮ መልቀቅ ነው፤ ጣት ከዘገየ ጣት ይሄዳል። የወይዘሮ ወርቅውሃ ጣቶች አሥሩም እስከ ትናንት ነበሩ። በ1953 ዓ.ም. ከጥጥ ጭነት መኪና ሹፌሩ ከአቶ ዱጉማ ቶላ ጋር በቁርባን ተጋብተው አንዲት ልጅ፣ ዙፋን ዱጉማን ወለዱ። የሟች እህታቸውን ልጅ አደሴንም ከጨቅላነቷ ጀምሮ አሳድገዋል።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንምጣ። በ1968 ዓ.ም. ጥር ወር አራት የፋብሪካው ሴቶች የወሊድ ፈቃድ ይጨመርልን የሚል ማመልከቻ ጽፈው በማቅረባቸው ታሰሩ። አንደኛዋ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሠራተኛው ተንጫጫ፤ አንዳንዱ መኪናውን እንስበር አለ፣ አንዳንዱ ዝም እንበል አለ። ወይዘሮ ወርቅውሃ ግን «መስበርም ዝምታም የእኛ ወግ አይደለም። ድንጋይ ተሸክመን ሄደን እንለምናለን፤ ድንጋይ የተሸከመን ማን ይመታል?» አሉ። አንዲት ሴት «እትዬ፣ ወታደሩ የከተማ ልጅ ቢሆንስ?» ብላ ጠይቃ ነበር። «የከተማ ልጅ ቢሆን እናት የለውም?» ብለው መለሱላት። በኋላ እስር ቤት ውስጥ ይችን መልሳቸውን እያሰቡ፣ «እሷ ጠየቀች፣ እኔ ፎከርኩ» ይሉ ነበር።

ሐሙስ ጥር 27 ቀን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ አርባ ሰባት ሴቶች ከፋብሪካው በር ተነሥተው፣ ሐዲዱን ተሻግረው፣ በአራት በአራት ሆነው ያለ ጩኸት ሄዱ። ወይዘሮ ወርቅውሃ የተሸከሙት ከገዛ ማድ ቤታቸው ያወጡትን ጉልቻ ነበር። ከአስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ተንበረከኩ። የሚያወርድላቸው ግን አልወጣም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቆዩ ወታደር የጫነ መኪና መጣ። ሻለቃው ከመኪናው ወርዶ ዞር ዞር ሲል ከጽሕፈት ቤቱ ግምጃ ቤት መስኮት ሥር ስብርባሪ መስታወት አየ። «ድንጋይ ወርውረዋል!» አለ። ከዚያ በኋላ ሰደፍ ነበር። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ተቆጥረው ለማስረጃ ተጫኑ፤ ሴቶቹም ተጫኑ።

ከሁለት ወር በኋላ ሦስት ሰዎች ከተሰየሙበት ችሎት ቀረቡ። የተባለው ነገር ቀላል ነበር፤ መስታወቱን የሰበረችው ትነገር፣ ወይም ለሁከት እንደወጡ ሁሉም ፈርመው ወደ ልጆቻቸው ይሂዱ። ወይዘሮ ወርቅውሃ አንፈርምም አሉ። ፊደል ስለማያውቁ መፈረም ማለት ጣት ማሳረፍ ነበር፤ «ጣቴን ለክር እንጂ ለሐሰት አልሰጥም» አሉ። ቀጥለውም ጠየቁ፦

«ጌቶቼ፣ ስንት ሴት ያዛችሁ?»

«አርባ ሰባት።»

«ስንት ድንጋይ መዘገባችሁ?»

መሐል ዳኛው ወረቀቱን አዩ። «አርባ ሰባት።»

«ታዲያ የተወረወረው ከየት መጣ? ደግሞስ ከውጭ ድንጋይ ቢወረወር መስታወቱ የሚረግፈው ወደ ውስጥ አይደለም? ስብርባሪው ለምን ከደጅ ተገኘ? ክፍሉ ይከፈትና ድንጋዩ ይፈለግ።»

«የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ያዥ የለም። አርፈሽ ተቀመጪ!»

«እቀመጣለሁ። ግን ይጻፍልኝ፦ ድንጋይ እጅ ላይ ሲሆን ጠብ ነው፣ አንገት ላይ ሲሆን ልመና ነው። ተሰብስቦ መለመን ወንጀል ከሆነ፣ ድንጋዩን ያሸከምኳቸው እኔ ነኝ፤ እነሱን ልቀቋቸው።»

አርባ ስድስቱ በዚያው ሳምንት ተለቀቁ። ወይዘሮ ወርቅውሃ ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው።

ከርቸሌ ትምህርት ቤታቸው ሆነ። ሀኪማ የተባለች የወሎ ልጅ ከሰል ይዛ ወለሉ ላይ ፊደል አስቆጠረቻቸው፤ በአርባ ዓመታቸው ማንበብና መጻፍ ቻሉ። መጀመሪያ የጻፉት ዓረፍተ ነገር የገዛ ስማቸውን የያዘ አልነበረም። «መስታወቱን ማን ሰበረው?» የሚል ነበር። አቶ ዱጉማ እሑድ እሑድ ስንቅ ያመላልሱላቸው ነበር። ምድጃቸው ላይ በጠፋው ጉልቻ ቦታ አሮጌ የቀለም ቆርቆሮ አፈር ሞልተው ተክተው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ወጣቸው እያዘነበለ በሉ። «ሌላ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?» ቢባሉ፣ «ድንጋይማ ሞልቷል፤ ያችኛይቱ እስክትመለስ ነው» ይሉ ነበር። ወይዘሮ ወርቅውሃ በ1974 ዓ.ም. ሲፈቱ መጀመሪያ የጠየቁት ያንኑ ጉልቻ ነው። ዘበኛው ሳቀባቸው።

ፋብሪካው መልሶ አልቀጠራቸውም። ክር በቤታቸው እየፈተሉ ኖሩ። በ1978 ዓ.ም. የሰፈሩ ቦኖ ሦስት ወር ተዘግቶ ሴቶቹ ቀበሌ ለመሄድ ሲፈሩ፣ ፊት ፊት የቀደሙት እሳቸው ናቸው። «ዛሬ ድንጋይ የለም፤ መዳፍ ብቻ» አሉ። ሊቀመንበሩ «ደግሞ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» ብሎ ቢጮህ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «የያዝነው ይኸው ነው፤ ቁጠረው» አሉት። ውኃው በዘጠነኛው ቀን ተለቀቀ። ሰው ተሰብስቦ፣ በእግሩ ሄዶ፣ በአፉ መጠየቅ መብቱ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እምነታቸውን የሚያቆሽሽባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያ መስታወት። ለዚህ ነው ሙገሳው የሚያንገበግባቸው። «ወረወረች ባሉኝ ቁጥር አርባ ሰባታችን ያልለመንን እንሆናለን» ይሉ ነበር። የመጣን እንግዳ ሁሉ፣ ጡረተኛ ወታደር ሳይቀር፣ ውኃ እንኳ ሳያቀርቡ «ለመሆኑ ማን የሰበረው ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። በቀል ፈልገው አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው።

አቶ ዱጉማ በ1979 ዓ.ም. አረፉ። ወይዘሮ ወርቅውሃም ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆዩ። አቶ ፀሐዩ ትራስና ብርቱካን ይዘው በየሳምንቱ ይጠይቋቸው እንደነበር መመስከር ይገባል፤ በየሳምንቱም ያንኑ ወሬ ያወሩላቸው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ወይዘሮ ወርቅውሃ አቅም አጥተው ሳለ፣ «ፀሐዩ፣ አይተሃል?» አሏቸው። አቶ ፀሐዩ ብርቱካን መላጥ ጀመሩ። «ካላየህ እንደኔ ጠይቅ እንጂ አታውራ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገሩም።

ቅዳሜ ሚያዝያ 5 ቀን 1983 ዓ.ም. ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ዛሬ እሑድ ሚያዝያ 6 ቀን ይፈጸማል። ወይዘሮ ወርቅውሃ የአንዲት ልጅ እናት፣ የሁለት ልጆች አያት ነበሩ፤ አሳዳጊነታቸውን ከእናትነት ለይታ የማታውቀው አደሴም ከእነርሱ ጋር ቀርታለች። በምድር የተሸከሙትን ድንጋይ ከአንገታቸው ያወረደላቸው አልነበረምና፣ አምላካቸው በገዛ እጁ ያውርድላቸው፤ ነፍሳቸውንም ለምነው ካላፈሩት ጋር ያሳርፍልን።

ይህ ጽሑፍ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር መጨመር ግድ ሆኗል። ትናንት ከሰዓት በኋላ የቀድሞ ጎረቤታቸው አቶ ታጁ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። መስታወት ገጣሚ ነበሩ፤ በዚያው በጥር 1968 የእናታቸው መርዶ ደርሷቸው ወሎ ሄደው፣ ከዚያ ወደ አሰብ ተሻግረው አሥራ አምስት ዓመት ቆይተው ገና በዚህ ሳምንት የተመለሱ ሰው ናቸው። ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጡ አቶ ፀሐዩ ያንኑ ወሬ ጀመሩ። አቶ ታጁ ሰምተው ሰምተው፣

«የትኛው መስኮት ነው?» አሉ።

«የግምጃ ቤቱ ነዋ!»

«እሱማ ረቡዕ ዕለት ተሰንጥቆ ቁልፍ ያዡ አስጠርቶኝ፣ ነቅዬ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ስብርባሪውን ከሥሩ ከምሬ አዲስ ላመጣ ስወጣ ነው መርዶው የደረሰኝ። ቁልፍ ያዡም በማግስቱ ተዛወረ ሲሉ ሰምቻለሁ።» ከዚያም ድንኳኑ ሁሉ ለምን ወደ እሳቸው እንደዞረ ግራ ገብቷቸው ዙሪያውን አዩ። «ሐሙስ ጧትማ ያ መስኮት መስታወት አልነበረውም።»